የእናቴ የፈረንሳይኛ ፈተና

እናቴ «ፈረንሳይኛ ልማር ነው» ያለች ቀን ጥላኝ ልትሄድ መሆኑ ገባኝ። ማንም አልነገረኝም። ማንስ ይነግረኛል? ልጅ ነበርኩ እንጂ ሞኝ አልነበርኩም፤ ቢያንስ ያኔ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ደግሞ ማስረጃ ነበረኝ። የምንኖረው ሐርጌሳ ከተማ፣ ሼክ ኑር ሰፈር፣ የአከራያችን የኡባህ ግቢ ውስጥ ነው፤ የቆርቆሮ ክፍሎች ተደርድረው ሁሉንም ሀበሻ ተከራይቷቸዋል። ከኛ ቀጥሎ ጓደኛዬ ሄቨን ከእናቷ ጋር ትኖር ነበር። የሄቨን እናት ልብስ ስታጥብም ሽንኩርት ስትከትፍም ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ በአረብኛ «ተፈደሊ፣ ሐዲር፣ ሹክረን» ስትል ሰነበተች። አንድ ጠዋት ስንነሳ የለችም። ቤይሩት ገባች ተባለ፣ ሄቨንም አክስቷ ዘንድ ቀረች። እርግጥ ነው፣ ሲያስተኟት ዓይኗን የምትጨፍን አሻንጉሊት ተላከላትና የግቢው ልጅ ሁሉ ለማየት ተሰለፈ። እኔም ተሰልፌ አየኋት። ቆንጆ ነበረች፤ ግን እኔ አሻንጉሊት አልፈልግም፣ የምፈልገው እናቴን ነው።

ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር። እናት ቋንቋ ከተማረች ትሄዳለች። አረብኛ ከሆነ ቤይሩት፣ ፈረንሳይኛ ከሆነ ጅቡቲ።

እናቴ ዓለምነሽ እዚያው ከተማ፣ ጋአን ሊባህ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ምግብ አብሳይ ነበረች። አባቴ የሞተው እኔ ጡት ሳልጥል ስለሆነ እኔና እሷ ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረንም። ኡባህ «ፈረንሳይኛ ለምንህ ነው?» ብላ ስትጠይቃት፣ እናቴ ዓይኗን ከምትለቅመው ምስር ሳትነቅል፣ «የምሠራበት ቤት ልጆች ከውጭ የመጡ ናቸው፤ የሚሉት አይገባኝም» አለች።

«ትክክል ነህ» አለቻት ኡባህ።

ኡባህ የግቢው ባለቤት ናት። በጦርነቱ ጊዜ ድሬዳዋ ተሰዳ አማርኛውን እዚያ ለቅማዋለች። ስድቡንም ምርቃቱንም አሳምራ ታውቃለች፤ ወንድና ሴት መለየት ብቻ እስከዛሬ እምቢ ብሏታል። እናቴን «አንተ» ትላለች፣ ጺማም ግንበኛውን «አንቺ»። ማንም አያርማትም። ቤት አከራይ ማን ያርማል?

ያ ጋአን ሊባህ ያለው ቤተሰብ የመጣው ከኖርዌይ መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ልጆቹ ፈረንሳይኛ የሚባል ነገር በጆሯቸው አልፎ አያውቅም። እናቴም ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አሳምራ ታውቅ ነበር። አቤት ድፍረት!

አስተማሪው አክሊል ይባላል። የድሬዳዋ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው፤ ፈረንሳይኛውን ከአባቱ ተምሮ፣ በኋላም ጅቡቲ ወደብ ላይ ኤሌክትሪሺያን ሆኖ ሠርቷል። ሐርጌሳ መጥቶ አዳዲስ ቤቶች ላይ መስመር ይዘረጋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይን አፋር ሰው ነው። ዓርብ ለትምህርት ሲመጣ እንኳ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ካቻቢቴ አይጠፋም። በካቻቢቴው ፊደሉን እየጠቆመ ነበር የሚያስተምረው።

እኔ ግን ማንነቱን ወዲያው ነው ያወቅኩት። የጅቡቲ ደላላ ነው።

ትምህርቱ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ግቢው ውስጥ ነው። ሰሌዳው የግቢው የብረት በር፣ ሰማያዊው። አክሊል በግራው ሳንቃ ላይ ወንድ የሆኑትን ዕቃዎች፣ በቀኙ ሴት የሆኑትን በጠመኔ ይጽፋል። አንድ ሰው ከውጭ ሲያንኳኳ ሳንቃው ይከፈትና የሴቶቹ ወገን ከነጠረጴዛው፣ ከነመስኮቱ፣ ከነወንበሩ ወደ መንገድ ይወጣል። «ሴቶቹ ተመለሱ!» ይባላል፣ በሩ ይዘጋል፣ ትምህርቱ ይቀጥላል።

ተማሪዎቹ ሦስት ናቸው። አንዷ እናቴ። ሁለተኛዋ ኡባህ፤ ልጇ መሀድ ጅቡቲ ሄዶ ራሕሞ የምትባል ሚስት አግብቷል፣ ያቺ ሚስት ደግሞ ኡባህ ስልክ በደወለች ቁጥር ከጀርባ በፈረንሳይኛ አንድ ነገር ትላለች። ኡባህ ምን እንደምትላት ካላወቀች አትሞትም። ሦስተኛው ኸይሩ ነው፣ ከበሩ ትይዩ ሱቅ ያለው የወሎ ሰው። እሱ ለምን እንደሚማር ራሱም አያውቀውም። «ዕውቀት ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ እኔ እንኳን ኡባህ የምታቀርበው ሳምቡሳ ነው ባይ ነኝ።

ጥያቄ ነበር የሚወዱት! እንዲህ የሚጠይቅ ተማሪ በሕይወቴ አላየሁም፣ አሁን ስንቱን ካስተማርኩ በኋላ እንኳ።

«ጠረጴዛዋ ሴት ናት አልሽ» ትላለች ኡባህ፣ አስተማሪውን በጣቷ እየወጋች። «ባሏ የታል?»

«ባል የላትም፣ እንዲሁ ሴት ናት» ይላል አክሊል።

«ያሳዝናል» ብላ ጠረጴዛዋን ታያታለች።

ኸይሩን ደግሞ የማይነበቡት ፊደሎች እንቅልፍ ነሱት። «ወንድሜ፣ መጨረሻው ላይ ይጻፋል፣ ግን አይነበብም። ካልተነበበ ለምን ይጻፋል? የማይሸጥ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አይደለም እንዴ?» አክሊል ፈገግ ብሎ፣ «አንተስ ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ እያልክ ሦስቱንም ለምን ተማርክ? አንዱ አይበቃም ነበር?» ይለዋል። ኸይሩ ሰባ ማለት ስልሳ አስር፣ ዘጠና ዘጠኝ ማለት አራት ሃያ አስራ ዘጠኝ መሆኑን የሰማ ቀንማ፣ «በዚህ ቋንቋ ሱቅ አይከፈትም፣ ሒሳቡ ሳያልቅ ደንበኛው ያረጃል» ብሎ ሊተወው ነበር። ሳምቡሳው መለሰው።

ድምፁ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ከጉሮሮ የሚወጣው «አር» ለኡባህና ለኸይሩ ምንም አልነበረም፤ ቁርአን የቀራ ሰው ጉሮሮው የሠለጠነ ነው፣ አንድ ጊዜ ተነገራቸው፣ አሉት። «ፐ» ላይ ነው ኡባህ የምትወድቀው፣ «ባሪስ» ነው የምትለው። እናቴ ግን ፓሪስን ብትል መሐሉ ላይ «ር»ዋ እንደ ሞተር ትንቀጠቀጣለች። አክሊል ውሃ አስጎንጭቶ ጉሮሮዋ ላይ እንድታንተከትከው ያደርጋታል፣ እሷ በሳቅ ልብሷ ላይ ታፈሰዋለች። «ኡ» እና «ኢ» መሐል ያለችውን ድምፅ ሲያስተምራት ደግሞ፣ «ከንፈርሽን ለፉጨት አሹይውና ኢ በይ» ይላታል። አፏን አሹላ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች። እሱም አፉን አሹሎ ፊት ለፊቷ ይቀመጣል። ሁለቱም ድምፅ የላቸውም። እኔ ሁለቱንም ጥርሳቸውን ያመማቸው ነበር የመሰለኝ። ኡባህና ኸይሩ በዚያ ሰዓት ለምን ሰማይ ሰማይ እንደሚያዩ ያኔ አልገባኝም።

ያልገባኝ ብዙ ነው። ለምሳሌ አክሊል መጀመሪያ እናቴን «እርስዎ» ነበር የሚላት። ፈረንሳይኛውም እንደኛ አንተና እርስዎ አለው ሲባል ሀበሾቹ ቶሎ ገባን፤ ኡባህ ብቻ እርስዎው ከእናንተው አንድ ነው ሲሏት «አንድ ሰው ነው፣ ሌላው የታል?» ብላ ሞገተች። ከዚያ አንድ ዓርብ አክሊል «ዓለምነሽ፣ አንቺ ድገሚው» አለ። እናቴ ጠመኔውን ጣለች። እኔ ናቃት ብዬ ደስ አለኝ። ሰነፍ ተማሪ መሆኗን አወቀ፣ ከክብር አወረዳት፣ ጅቡቲ አይልካትም ማለት ነው!

ሰነፍ ያደረግኳት ደግሞ እኔ ነኝ። ሥራዬን ጀምሬ ነበር።

ልጅ ጆሮው ሹል ነው። ውሃ መቅጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ ሦስቱ የሚማሩትን ሁሉ እኔ ጠጥቼዋለሁ። ማታ ማታ እናቴ ጠጉሬን እየሠራች፣ «ቤርሲ፣ መስኮት ወንድ ነበር ሴት?» ትለኛለች። «ወንድ!» እላለሁ፣ ፍንክች ሳልል። «በሩስ?» «እሱማ ወንድ ነው፣ እንዴት ይረሳሻል?» ዓርብ ሲመጣ እናቴ ተነስታ ያስጠናኋትን አንድ በአንድ ታነበንበዋለች። አክሊል ካቻቢቴውን እያሻሸ፣ «አይ ዓለምነሽ፣ አንድም አልያዝሽም እኮ። ትንሽ ልቆይና እንከልሰው» ይላል። ሌሎቹ ሲሄዱ እሱ ይቆያል። እኔ በሆዴ እስቃለሁ።

በቀደም ይህን ነገር አንስቼ፣ «እማዬ፣ ሁሉንም እኮ ሆን ብዬ ነበር የማሳስትሽ» አልኳት።

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «አንቺ ባታሳስቺኝ እሱ በምን ምክንያት ይቆይ ነበር?» አለችኝ።

እንግዲህ ማን ማንን ሲጠቀም እንደነበር ፍረዱ።

ደላላው ግን ተስፋ አልቆረጠም። ተምር ይዞ ይመጣል። የክፍላችን አምፖል ሲቃጠል በነጻ ቀየረልን። የእኔን ጫማ ማሰሪያ እንኳ፣ ተንበርክኮ፣ በኤሌክትሪክ ገመድ ቋጠሮ አሰረልኝ፣ እስከ ማታ ሳይፈታ ዋለ። ለሄቨን ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። «ደላላ መጀመሪያ ሲመጣ ደግ ነው» አለችኝ። «የእናቴም ብስኩት ያመጣልኝ ነበር።» ተምሩን በላሁት፤ በነገራችን ላይ ጣፋጭ ነበር። ግን አላመንኩትም።

ከዚያ ነገሩ ጠና። አንድ ቀን እናቴ ደሴ ላለው ወንድሟ ደውላ ጥግ ይዛ ስታወራ ሰማኋት። «አንተማ ሩቅ ነህ፣ ምን ታደርግ» ትላለች። «እዚህ ያሉትን ይጠይቁ ካልክ እሺ... እሷማ ልጅ ናት፣ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ።» ስልኩን ዘግታ ዓይኗን ጠረገች። ስንብት እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም። በነጋታው ኡባህ በሩ ላይ ቆማ ለግቢው ሁሉ እስኪሰማ ጮኸች፣ «ዓለምነሽ! ዓርብ ፈተና ነው! አንተ ቆንጆ ልበስ!»

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ቤት ሮጠች። ፈተና! የሄቨን እናትም ፈተና ብለው ክሊኒክ ወስደው ደሟን አይተው ነበር፣ ከዚያ ነው የሄደችው።

ዓርብ ሦስት ፈታኞች መጡ። ያንን ሙቀት እግዜር ያሳያችሁ፣ ኮት ለብሰዋል! አንዱ ጋሽ እንየው ናቸው፣ የግንበኞች ፎርማን፤ የሐርጌሳ ሀበሻ ከተጣላ የሚያስታርቁት፣ ከታመመ የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው። አንዱን ሽማግሌ አላውቃቸውም፣ ከአሕመድ ዳጋህ ሰፈር የመጡ ናቸው። ሦስተኛው፣ ወይ ጉድ፣ ኸይሩ! አብሯት ሲማር የነበረው ኸይሩ፣ እጅጌው የረዘመ ኮት ለብሶ፣ ከተማሪነት ወደ ፈታኝነት አድጎ መጣ። አክሊል የለም። ትክክል ነው አልኩ፤ እኛም ትምህርት ቤት ፈተና ላይ ያስተማረን መምህር አይገባም።

ኡባህ ወንበሯ ላይ እንደ ዳኛ ተሰይማለች። እናቴን አዲስ ቀሚስ አልብሰው መጋረጃ ጀርባ ደብቀዋታል። ሽማግሌዎቹን «ተቀመጡ» ቢሏቸው አይቀመጡም።

«ጉዳያችንን ሳትሰሙልን አንቀመጥም» አሉ ጋሽ እንየው።

ይሄም ትክክል ነው። ፈታኝ ይቆማል።

«ወይዘሮ ኡባህ፣ እንግዲህ በሰው አገር ነን፤ አባትም እናትም ሩቅ ናቸው። ዓለምነሽን ስጡን ብለን ልንለምን ነው የመጣነው። ክፉ ቦታ አንወስዳትም።»

ኡባህ እጆቿን ዘረጋች። «እኔ ማን ነኝ? እኔ ቤት አከራይ። ዓለምነሽ ቤተሰብ አለው!» ብላ በሩ ጥግ ወደተወሸቅኩት ወደኔ ጠቆመች። «ቤተሰቡ ይሄ ነው። ቤርሳቤህ! ና! እናትህን ትሰጣለህ?»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ለጨዋታ ነበር ያለችው፣ አሁን ሳስበው። ግን ማን ተጫወተ?

«አልሰጥም!» አልኩ። ድምፄ ቆርቆሮውን አንጫጫው። «አልሰጥም! ሂዱ! ፈተናውን አታልፍም! ምንም አታውቅም! አር ማለት እንኳን አትችልም! በርን ወንድ ነው ትላለች! እናቴን የትም አትወስዷትም!» ከዚያ ለቅሶዬን ለቀቅኩት።

ከመጋረጃው ጀርባ የታፈነ ድምፅ ይሰማል። እናቴ የምታለቅስ ነበር የመሰለኝ፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ በሳቅ ልትሞት እንደነበር አሁን አውቃለሁ። ጋሽ እንየው ግን አልሳቁም። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እሰይ!» አሉ። «እሰይ የኔ ልጅ! ወግ ማለት ይሄ ነው። ስጡን ስለተባለ ብቻ አንዴ እሺ ብሎ የሚሰጥ ቤት ምን ቤት ነው? ስንት ሽምግልና ሄጃለሁ፣ እንዲህ የጠና እምቢታ ግን ሰምቼ አላውቅም። በሉ እንግዲህ ቀጠሮ ስጡን።»

ቀጠሮ? አሁንም ይመለሳሉ? እናቴ ያችን የቀረቻትን ፈረንሳይኛ እስክትረሳ ምን ያህል ጊዜ እንደሚበቃ አሰብኩ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው።

«ከፋሲካ በኋላ!» አልኩ፣ አፍንጫዬን እየጠረግኩ።

«አያችሁ?» አሉ የአሕመድ ዳጋሁ ሽማግሌ፣ እጃቸውን አጨብጭበው። «ጾሙን እንኳ አልረሳችም! በጾም ይሄ ነገር አይሆንም፣ እውነቷን ነው። እኛ ሽማግሌ ተብለን የዘነጋነውን!»

መረቁኝና፣ አንዲት ሳምቡሳ እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ። እኔ አሸነፍኩ። ያን ዕለት ለሄቨን ሦስት ጊዜ አወራኋት።

ከዚያ ጾሙ ገባ። ትምህርቱ ቆመ። አክሊል መምጣቱን ተወ፤ የላከው ሽማግሌ መልስ ሳያመጣ ደጃፍ መርገጥ ነውር መሆኑን እኔ ከየት ልወቅ? የሴቶቹም የወንዶቹም ሰሌዳ በነፋሱና በአቧራው ደበዘዘ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀስ ብሎ ግን ቤታችን ጸጥ አለ። እናቴ ጠጉሬን ስትሠራ ምንም አትጠይቀኝም። ቀስ ብላ ልትነግረኝ ያሰበችውንም እምቢታዬን ከሰማች በኋላ አልደፈረችውም። በር ወንድ ይሁን ሴት ደንታ የላትም። ሽሮው ላይ ጨው ሁለቴ ትጨምራለች። አምፖላችን ደግሞ ተቃጠለ፤ ኸይሩ «ልጅ ልላክና ይቀየርላችሁ» ቢላት፣ «ይቅር፣ በሻማ እንሆናለን» አለች። እኔም፣ አልዋሽም፣ ተምሩ ናፈቀኝ። የጫማዬ ማሰሪያ በየደቂቃው ይፈታል።

አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴን በሩ አጠገብ አገኘኋት። በጣቷ የደበዘዘውን ጠመኔ፣ አክሊል የጻፈውን፣ ትከተለዋለች፤ እንባዋ ይወርዳል። ወደቀች፣ አልኩ። በፈተናው የጣልኳት እኔ ነኝ፣ ለዚያ ነው የምታለቅሰው። እናቴ እንድትቀር ፈልጌ ነበር እንጂ እንዲህ እንድትሆን አልፈለግኩም። ልታለቅስ ከቀረችልኝ፣ የቀረችው ምኑን ነው?

ያን ዕለት አሰብኩና ሄቨን ያላሰበችውን ዘዴ አገኘሁ። ሁለታችንም እንማራለን። ሁለታችንም እናልፋለን። ሁለታችንም ጅቡቲ እንሄዳለን!

«እማዬ፣ ነይ ቁጭ በይ» አልኳት ማታ በሻማው። «በር ሴት ናት። መስኮትም ሴት ናት። ጠረጴዛ ባል የሌላት ሴት ናት። ውሃ ጎንጪ።»

አየችኝ፣ አየችኝና ውሃውን ጎነጨች። ጾሙን ሙሉ እኔና እናቴ ጉሮሯችን ላይ ውሃ ስናንተከትክ ከረምን። ኡባህ ከውጭ ሆና፣ «ምንድነው፣ እነዚህ ጉንፋን ያዛቸው?» ትላለች። በሰሙነ ሕማማት አንድ ቀን እናቴ ድንገት «ፓሪስ» አለች፣ ጥርት ባለ አር። ሁለታችንም ደነገጥን። ተቃቅፈን ዘለልን።

ከፋሲካ በኋላ ሦስቱ ኮቶች መጡ። አልተቀመጡም። እኔ ግን ዝግጁ ነበርኩ፤ የፋሲካ ቀሚሴን ለብሼ፣ ጠጉሬን ተሠርቼ፣ መሐል ግቢ ቆሜ ጠበቅኳቸው።

«መጀመሪያ እኔን ፈትኑኝ» አልኳቸው።

ጋሽ እንየው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እሺ፣ እሺ ልጄ።»

ሰላምታውን በአንተም በእርስዎም አልኩት። ሴቶቹን ከቀኝ፣ ወንዶቹን ከግራ ጠራሁ። «ካትር ቫን ዲዝ ነፍ» ብዬ ዘጠና ዘጠኝን ያለ ስህተት ቆጠርኩ፤ ኸይሩ «ማሻአላህ፣ እኔ እንኳ አልቻልኳትም» አለ። ከዚያ እናቴን ከመጋረጃው ጀርባ ጎትቼ አወጣኋት። ፊቷ ቀልቷል። «በይ» አልኳት። «ፓሪስ» አለች፣ መሬት መሬት እያየች፣ ባማረ አር።

«አያችሁ? አሁን አልፈናል» አልኩ። «ግን ብቻዋን አልሰጥም። ወይ ሁለታችንንም ውሰዱ፣ ወይ ሁለታችንንም ተዉን።»

ጋሽ እንየው በመጨረሻ ተቀመጡ፤ እንዲያውም አፈሩ ላይ፣ እፊቴ፣ በኮታቸው ቁጢጥ አሉ። ዓይናቸው ውሃ ሞልቷል።

«ልጄ» አሉ፣ «አክሊል እኛን ሲልከን ያለን ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ‹ሁለቱንም ለምኑልኝ፣ አንዷን ብቻ ከሰጧችሁ ተመለሱ› ነው ያለን።»

«አክሊል?» አልኩ። «ደላላው?»

«የምን ደላላ? ሙሽራው!» አለ ኸይሩ።

እናቴን ቀና ብዬ አየኋት። እሷም አየችኝ። ያቺን ሰዓት በቃል ልነግራችሁ አልችልም፤ ሦስት ወር ያጠናሁት ነገር ሁሉ ከሥሩ ተነቅሎ፣ የተሾለው ከንፈር፣ ተምሩ፣ አምፖሉ፣ «አንቺ» የተባለችበት ቀን፣ አንድ በአንድ ወደ ቦታው ሲገባ ይሰማኛል። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አሳሰበኝ።

«ጅቡቲስ?»

«የምን ጅቡቲ?» አሉ ጋሽ እንየው። «እዚሁ አሕመድ ዳጋህ ነው ቤቱ።»

እልል ያለችው ኡባህ ናት።

የሄድንበት ቀን ግን አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመንኳቸውም ነበር። ባጃጁ ላይ ዕቃችንን ጭነን ስንወጣ ባሕሩ የት ጋ እንደሚጀምር በመስኮት ስጠባበቅ፣ ባጃጁ ቆመ። አክሊል በር ላይ ቆሟል። ወርጄ ፊቱ ስቆም ተንበርክኮ የጫማዬን ማሰሪያ አሰረ።

ይኸው ዛሬ ዓርብ ዓርብ ፈረንሳይኛ የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ሰሌዳዬ የእውነት ሰሌዳ ነው፣ ሴቶቹ ወደ መንገድ አይወጡም። ጥያቄው ያው ነው። ለምን ይጻፋል ካልተነበበ? ሰባ ለምን ስልሳ አስር ሆነ? ኡባህም የራሕሞን ምሥጢር ከስንት ዓመት ትምህርት በኋላ ደረሰችበት፤ ልጅቷ ከጀርባ ትል የነበረው «ቴሌቪዥኑን ቀንሰው፣ እናትህ አይሰሙም» ነው። ኡባህ እስካሁን አልተጽናናችም።

ዘሩባቤል የሚባል አንድ ተማሪ አለኝ፣ ጋአን ሊባህ የሚኖር ሰርቬየር። ብልህ ነው፣ ግን ጠረጴዛ ሴት መሆኗን አንድ ዓመት ሙሉ መያዝ አቃተው። በየሳምንቱ ሌሎቹ ሲወጡ፣ «መምህር፣ ያችን ጠረጴዛ እንደገና ብትነግሪኝ?» ይለኛል። እኔ ደግሞ የዓለምነሽ ልጅ ነኝ፣ ይሄን ትምህርት አውቀዋለሁ። ስቄ አስረዳዋለሁ።

ባለፈው ዓርብ ሦስት ኮቶች ቤታችን መጡ። ጋሽ እንየው በከዘራ፣ ኸይሩ በዚያው ኮት፤ እጅጌው አሁን ልክ ሆኗል። አልተቀመጡም። አክሊል በቤቱ ኡባህን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ካቻቢቴውን ሸሚዝ ኪሱ ሰክቶ ሰማቸው። እኔና እማዬ መጋረጃ ጀርባ ነን። ቤርሳቤህን ስጡን አሉት።

አክሊል ጉሮሮውን ጠረገ። «አልሰጥም» አለ። «ልጄ ፈተናውን አታልፍም። አር ማለት እንኳን አትችልም።»

ጋሽ እንየው በሳቅ ከዘራቸው ከእጃቸው ወደቀ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች፣ ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝ። ኡባህ «ቀጠሮ! ቀጠሮ ስጪያቸው፣ አክሊል!» ትላለች።

ሽማግሌዎቹ ሲሸኙ አክሊል ወደ መጋረጃው ጀርባ መጣ። ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ካቻቢቴውን ያሻሻል።

«ጅቡቲ ነው የሚወስድሽ?» አለኝ።

«ጋአን ሊባህ ነው፣ አባዬ።»

ካቻቢቴውን ኪሱ መለሰና፣ «እሱም ሩቅ ነው» አለኝ።